ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት፤ ማን ለያያቸው?

ባለፈው የሥነ ጽሑፍ ምሽታችን አንዲት እኅታችን ለሬዲዮ የጻፈችውን አጭር ድራማ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ድራማው ሌሊት ቦኖ ውሃ ተሰልፈው ስለሚያድሩ ሁለት ጎረቤታሞች ነበር። ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳትገልጥ ከኋላ ወንበር፣ «ይሄ እኮ የሬዲዮ ነው፤ ሥነ ጽሑፉ የታለ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አዳራሹ ሳቀ። እውነት እንናገር ከተባለ እኛም ስቀናል። እኅታችን ወረቀቷን አጣጥፋ ወረደች። ቀጥሎ የወጣው ገጣሚ ለእሱም ለእኛም ያልገባንን ግጥም አነበበልንና ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቀብሎ ተቀመጠ።

ማታ ዶርም ከገባን በኋላ ነገሩ ከነከነን። «የሬዲዮ» መባል ስድብ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ከእኛ መካከል ስንቱ ነው ልብ ወለድ የሚባለውን ነገር በዓይኑ ከማንበቡ በፊት በጆሮው ያወቀው? ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያወሩ የሰማን እኛ አይደለንም እንዴ? ታዲያ ከየት አመጡት? መጽሐፉን ገዝተው አንብበውት ነው? በሬዲዮ ነው የሰሙት! እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የምንከፍለው ካሣ ነው። ሙግታችንም በመጀመሪያ ደረጃ ከራሳችን ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች ሥራችሁ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ሦስት ቃላት እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዱላቸዋል፦ ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት። ቃላቱ የመጡት ከሩቅ ነው። የእንግሊዙን ቢቢሲ በመጀመሪያ የመራው ጆን ሪዝ የጣቢያውን ተግባር የገለጸባቸው ናቸው። ሰውዬው ሦስቱን ያያቸው የአንድ ቤት ሥራ አድርጎ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሦስት መሳቢያ ሆኑ። ዜናው በአንዱ፣ ትምህርቱ በሌላው፣ ጨዋታው በሦስተኛው ተቆለፈበት። ዜና አንባቢው ፊቱን ያጠቁራል፤ አስተማሪው ያስተኛናል፤ አዝናኙ ደግሞ ማንም ያላሳቀውን ብቻውን ይስቃል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። የሬዲዮም ሆነ የቴሌቪዥን ዝግጅት ዓይነቱ በስሙ አይለይም። የሚለየው አድማጩን ምን አድርጎ በመቁጠሩ ነው። ሰው አድርጎ ከቆጠረው ዜናውም ያስተምራል፣ ትምህርቱም ያዝናናል፣ ጨዋታውም ያሳውቃል። ጆሮ ብቻ አድርጎ ከቆጠረው ግን ሦስቱም አይሆንም። ሦስቱን ባንድነት የሚይዘው ሙያ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሥነ ጽሑፍ ይባላል። ስለዚህ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ሥነ ጽሑፍ ቢያጣ ተጠያቂው የጣቢያው ኃላፊ ብቻ አይደለም። በሬዲዮ ድራማ የሳቅነው እኛም ነን።

እስቲ መሳቢያዎቹን አንድ ባንድ እንክፈታቸው።

መጀመሪያ ማሳወቅ የተባለውን። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ በአገሩ ላይ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ነበረ። ሬዲዮው ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ የመጣ ነው፤ ቴሌቪዥኑም በ1957 ዓ.ም. ተከፍቶ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ዜና በየቀኑ ይነበብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ማንን ተቀብለው እንዳነጋገሩ፣ ምን መርቀው እንደከፈቱ ይነገር ነበር። ረሃቡ ግን ዜና ለመሆን አልታደለም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ የረሃብተኛውን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሕዝብ ያሳዩት ወሎ ድረስ ሄደው ያዩ መምህራን ናቸው። ጩኸቱን ተቀብለው ያስተጋቡትም ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ጉድ አለ።

ያ ፊልም ወደ እኛ ቴሌቪዥን የመጣው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ሲመጣ ግን እንዳለ አልመጣም። የቤተ መንግሥቱ ግብርና ድግስ፣ ኬኩና ሥጋ የሚጎረሱት ውሾች ከሚሞቱት ሕፃናት ጋር እየተፈራረቁ እንዲታዩ ተደርጎ ተቀጣጠለ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልሙ ብቻውን ንጉሥ አወረደ አንልም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚል ታሪክ የማያውቅ ነው። ግን ልብ በሉ፤ በዚያች ማታ ከሁለቱ ምስሎች አንዱም ብቻውን አዲስ አልነበረም። ግብሩን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ረሃቡንም የሰማ ሰምቶታል። አዲሱ ነገር ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ሁለት ነገር አጎራብቶ ሦስተኛውን ተመልካቹ ራሱ እንዲያስበው ማድረግ የማን ሥራ ነው? የደራሲ ሥራ ነው!

ቀጣጣዩ ማን እንደነበረም አንዘነጋም። ሥልጣን ሊይዝ ያቆበቆበ ወታደር ነበር። ለዚህም ነው አሥር ዓመት ቆይቶ የሆነውን ከዚያች ማታ ነጥለን የማናየው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በሰልፍና በርችት ተከበረ። ቴሌቪዥናችን በመደበኛነት በቀለም መታየት የጀመረውም ለዚሁ በዓል ነው። በዚያን ሰዓት ሰሜኑ እንደገና በረሃብ እያለቀ ነበር። ዓለም ረሃቡን ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ማይክል በርክ የተባለው ጋዜጠኛና መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ ካሜራ ባለሙያ ከቆረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ሲታይ። የእኛው ጣቢያ ያው ጣቢያ ነበር፤ መሣሪያው እንዲያውም ቀለም ተጨምሮበታል። የጎደለው ሰልፉንና ቆረምን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ እጅ ነበር። በ1967 የተፈቀደው በ1977 ተከለከለ። «ማሳወቅ» የሚለው መሳቢያ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ይንገረን?

ወደ ሁለተኛው መሳቢያ እንለፍ፤ ማስተማር ወደተባለው። ታላላቆቻችን የሚያወሩልን፣ አንዳንዶቻችንም የደረስንበት «ፕላዝማ» የሚባል ነገር ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ወደ ክፍላችን ይገባ ጀመር። ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ያህሉን ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል። በተረፈችው ላይ ከሰሌዳው አጠገብ የቆመው የእኛው መምህር የቻለውን ያህል ያቃናል። ስክሪኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። እጅ ማውጣት የለም፤ «አልገባኝም» ማለት የለም። መብራት ከጠፋም ትምህርቱ እኛን አይጠብቅም፤ በሰዓቱ ይተላለፋል፣ ለሚቀጥለው ቀን የሚቀጥለው ምዕራፍ ይመጣል። ሰማዩ ላይ ያለው ሳተላይት የእኛን መብራት ምን አገባው?

ነገሩ ገንዘብ ያልወጣበት፣ ልፋት ያልተደረገበት ሆኖ አይደለም። ሥዕላዊ መግለጫው ውብ ነበር። ቤተ ሙከራ አይቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ ኬሚስትሪው በዓይኑ ፊት ሲፈላ ማየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ይህን አንክድም። ግን ያስተማረው ለማን ነበር? በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ ቋንቋ የሚናገር ሰው ተማሪውን በልቡ አላስቀመጠውም። የተማሪው ፊት አይታየውማ!

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ቴሌቪዥን እንዴት አድርጎ የተማሪ ፊት ያያል? ይሄ የመሣሪያው ጠባይ ነው» ሊለን ይችላል። መልስ አለን። አባባ ተስፋዬም እኮ ያስተምሩን የነበረው በዚያው መሣሪያ ነው! ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ክፍለ ጊዜ ለአሠርት ዓመታት ተረት ሲነግሩ እሳቸውም የማንንም ልጅ ፊት አያዩም ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ልጅ የነበረውን ሁሉ ጠይቁት። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ መልስ ያልሰጠ፣ እሳቸውም የሰሙት ያልመሰለው ማን ነው? ጎረቤት ቤት በመስኮት ተንጠላጥሎ የሚያየው ልጅ ሳይቀር ይመልስ ነበር። ልዩነቱ ከመሣሪያው አልነበረም። ተረት ነጋሪ ከመናገሩ በፊት ሰሚውን በልቡ ፊቱ ያስቀምጠዋል፤ የት ላይ እንደሚፈራ፣ የት ላይ እንደሚስቅ አስቀድሞ ያውቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችው ቀጭኔም በዚሁ መንገድ ነው ሕፃናት ቤት የገባችው። ከጨርቅ የተሠራች ቀጭኔ ለሕፃን እጅ መታጠብ ስታስተምር ሕፃኑ ትምህርት ላይ መሆኑን አያውቅም። እጁን ግን ይታጠባል።

ሦስተኛው መሳቢያ ማዝናናት ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብለን እንናገር፤ ከግማሽ በላይ የምንሆነው የዋንጫ ጨዋታ ባለ ቀን የመዝናኛ ክፍሉን በር ገፍተን የምንገባ ነንና።

አዲስ አበባ ኤፍ ኤም 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. አየር ላይ ሲወጡ፣ ሌሎችም ሲከተሉ፣ ደስ ያላለው አልነበረም። ሬዲዮ ከመግለጫ ድምፅ ወጥቶ እንደ ሰው ማውራት ጀመረ። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሱቁ፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ ጆሮ ሆነ። የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» አንድን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በትዕግሥት ሲያስተርከው የሰማ፣ ጨዋታ ራሱ ታሪክ መሆኑን ያውቃል። ይህ ሁሉ ግን የአየሩን ሰዓት የሞላው ትንሹን እጅ ነው። ትልቁን እጅ የያዘው ምንድን ነው? የአውሮፓ ክለብ የትኛውን ተጫዋች ሊገዛ እንዳሰበ ከስልክ ላይ እያነበቡ መተንተን፣ በስልክ «ማንን ልጋብዝልህ?» መባባል፣ በየመካከሉም የስፖንሰር ምስጋና።

ስንፍና ነው ብለን እንዳንደመድም ምክንያቱን እንመርምር። በብዙ ጣቢያዎች አሠራር አዘጋጁ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል። የገዛበትን ገንዘብ የሚመልሰው ከማስታወቂያ ነው። እንግዲህ ያስላው። የአንድ ሰዓት የኳስ ወሬ ለማቅረብ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክና አንድ ማይክ ይበቃል። የግማሽ ሰዓት የሬዲዮ ድራማ ደራሲ ይፈልጋል፣ አዘጋጅ ይፈልጋል፣ አራት አምስት ተዋናይ ይፈልጋል፣ የዝናቡንና የበሩን ድምፅ የሚያስገባ የድምፅ ባለሙያ ይፈልጋል፣ የልምምድ ቀን ይፈልጋል። የማስታወቂያው ዋጋ ግን ለሁለቱም ያው ነው። ነጋዴው ምን ያተርፈኛል ይላል? ስለዚህ «ሕዝቡ የሚፈልገው ይሄንን ነው» የሚለው ንግግር ሐሰት ነው። ሕዝቡ የሚሰጠው ከሚረክሰው ውስጥ ነው። ከቀረበለት መርጦ በላ ማለት ሌላ፣ አንድ ብቻ ቀርቦለት በላ ማለት ሌላ።

ደግሞ ኳስ ራሱ ምን በደለ? የሬዲዮ ኳስ እኮ ሥነ ጽሑፍ የነበረበት ጊዜ አለ። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስታሸንፍ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የሰሙ ዛሬም ሲያወሩት ጸጉራቸው ይቆማል። ስታዲየም ያልገባው ሰው ሜዳውን፣ ኳሱን፣ በረኛውን በድምፅ ብቻ አየ። ይህ ማዝናናት ነው? ማሳወቅ ነው? አንዱንም ከሌላው መለየት አይቻልም። የዛሬው የኳስ ወሬ ግን ሜዳም ኳስም የለውም፤ የወሬ ወሬ ነው።

በቴሌቪዥኑም በኩል ያለው ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌላ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቆጡ። ባህላችን ጠፋ፣ ሥራችን ተወሰደ ተባለ። ቁጣቸው ይገባናል፤ ሥራውን ያጣ ሰው ይቆጣል። ግን ጥያቄ አለን። እናቶቻችን የቱርኩን ድራማ ለማየት ወጥ እስኪያር ድረስ የተቀመጡት ቱርክን ስለሚወዱ ነው? አይደለም። ዛሬ የተጀመረው ነገ በሰዓቱ ስለሚቀጥል፣ ታሪኩ ስለሚያያዝ፣ አማርኛውም የቤታቸው አማርኛ ስለሆነ ነው። ድምፅ የሰጡት ልጆች የእኛው አይደሉምን? የእኛው ልጆች በእኛው ቋንቋ እንዲህ መጫወት ከቻሉ የጎደለን ተዋናይ አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። «ገመና» እና «ሰው ለሰው» የሚታዩበት ሰዓት ሲደርስ ጎዳናው ጭር ሲል አይተናል እኮ! የራሱን ታሪክ በደንብ ተጽፎ ያገኘ ተመልካች የማንንም ደጅ አይጠናም። ስለዚህ ይከልከልልን ማለት የደካማ ጩኸት ነው። እኛ የምንለው ይጻፍ ነው።

ሦስቱን መሳቢያ ከፍተን አየን። አሁን ወደተነሣንበት እንመለስ፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ወደ ሠራው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ያን ጊዜ ከአገሩ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ማንበብ አይችልም ነበር። መጽሐፉ በመጽሐፍነቱ ብቻ ቢቀር ኖሮ የጥቂት ከተሜዎች ንብረት ሆኖ በቀረ። በኋላ ግን የመድረኩ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተረከው። ፊታውራሪ መሸሻ በወጋየሁ ድምፅ ተኮፈሱ፤ ጉዱ ካሣ በወጋየሁ ድምፅ መረረው። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ጠራ። ቡናው ከሰዓቱ ጋር እንዲገጥም ተቆላ። ያልተማረችው እናት ስለ ሰብለ ወንጌል አለቀሰች፤ አልቅሳም አላቆመች፣ «ለመሆኑ ዘር ቆጥሮ ልጅን መከልከል ምን የሚሉት ነው?» ብላ ከባሏ ጋር ተሟገተች። ማንም «አሁን ስለ ባላባታዊ ሥርዓት ትምህርት እንሰጣችኋለን» አላላትም። ግን ተማረች። የአገሯን ታሪክ አወቀች። ተዝናናችም። ሦስቱን ማን ሊለያያቸው ይችላል?

እንግዲህ ያንን ነው «ይሄ እኮ የሬዲዮ ነው» ብለን የሳቅንበት።

እርግጥ ነው፣ የሚነሡብንን መቃወሚያዎች እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ «ትምህርትና ጥበብ ሲቀላቀሉ ስብከት ይወለዳል» የሚል ነው። በከንቱ የተባለ አይደለም። በደርግ ዘመን ኪነት መፈክር እንድትሸከም ታዝዛ ጀርባዋ ጎብጦ አይተናል። ዛሬም በእርዳታ ድርጅት ገንዘብ የሚሠራ አንዳንድ ድራማ አለ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ቆይተው በመጨረሻው ላይ ነርሷ ገብታ በራሪ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ታነብላቸዋለች። እሱ ድራማ አይደለም፤ መሳቢያውን ቀይሮ የተቀመጠ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» አስታውሱ። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር የታቀደ ነበር፤ ይህን አልደበቀም። 257 ክፍል ሄደ። በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ከአድማጭ መጣለት። ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው ለበራሪ ወረቀት ነው እንዴ? የሚጽፈው የሚሳሳቱ፣ የሚጸጸቱ፣ እሱን ራሱን የሚመስሉ ሰዎች ሲያገኝ ነው። ስብከትን ከድራማ የሚለየው ዓላማ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ሳይሆን ሰው መኖሩ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ «ሬዲዮ ሞቷል፤ አሁን ዘመኑ የስልክ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉን ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ነው! በዩቲዩብ ላይ የሚደመጠውን የመጽሐፍ ትረካ ብዛት አላዩትም? የምግብ ሠራተኛዋ ሽንኩርት እየከተፈች፣ የሌሊት ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከአገሩ ርቆ አረብ አገር የሰው ቤት የምትሠራው እኅታችን ብረት ምጣድ እያጠበች ምን የሚያዳምጡ ይመስላችኋል? ዓይናቸው ሥራ ላይ ነው፤ እጃቸው ሥራ ላይ ነው፤ ነፃ የቀረው ጆሯቸው ብቻ ነው። መሣሪያው ስሙን ቀየረ እንጂ ጆሮ ጆሮ ነው። ያ ጆሮ ዛሬም ይጠብቃል። እኛ ካልሞላነው ሌላው ይሞላዋል፤ እየሞላውም ነው። በጥላቻ የሚሞላው እንዳለ በእኛው ዘመን በዓይናችን አይተናል።

ሦስተኛው መቃወሚያ የገንዘብ ነው። ድራማ ውድ ነው ይላሉ። አዎ፣ ውድ ነው። ግን በዚህ ግቢ ውስጥ ምን የለም? የቴአትር ተማሪ አለ፣ የጋዜጠኝነት ተማሪ አለ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አለ፣ ድምፅ መቅረጽ የሚችል የምሕንድስና ተማሪ አለ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላቸው። አንድ ቀላል መቅረጫ የሌለው ስልክ በየትኛው ዶርም አለ? የጎደለው ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ፈቃድ ነው። እኛ በማባዣ የምናወጣት ይህች ቅጠል ቢበዛ ጥቂት መቶ እጅ ትደርሳለች፤ ግማሹም ሳይነበብ ካፌ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል። በዚያው ላይ እርስ በርሳችን ግጥም እየተጻጻፍን «ሕዝቡ አያነብም» እንላለን። ሕዝቡ ይሰማል! ለሚሰማ ሕዝብ የማይጽፍ ደራሲ ወንጀሉን በሕዝቡ ላይ ለምን ይለጥፋል?

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ጣቢያዎች ለትረካና ለሬዲዮ ድራማ በሳምንት የተወሰነ ቋሚ ሰዓት ይመድቡ። ሰዓቱ ለስፖንሰር የማይሸጥ፣ በስብሰባ ዘገባ ምክንያት የማይታጠፍ ይሁን። አድማጭ በሰዓቱ መጥቶ ካጣው አይመለስም።

ሁለተኛ፣ የአየር ሰዓት የሚሸጡ ጣቢያዎች ድራማ ለሚያቀርብ አዘጋጅ ዋጋውን ዝቅ ያድርጉለት። የአንድ ሰው ወሬና የአሥር ሰው ድካም ባንድ ሚዛን ተመዝኖ ፍትሕ የለም።

ሦስተኛ፣ የትምህርት ዝግጅት የሚሠራ ሁሉ ከመቅረጹ በፊት አንድ ተረት ነጋሪና አንድ ተማሪ አጠገቡ ያስቀምጥ። ተማሪው ሲያዛጋ ያቁም።

አራተኛው ለእኛ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። በሥነ ጽሑፍ ምሽታችን የሬዲዮ ድራማ እንደ ግጥሙና እንደ አጭር ልብ ወለዱ ሙሉ ቦታ ይኑረው። ስንጽፍም ለጆሮ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ እንማር። ለጆሮ የሚጽፍ ሰው «ቆንጆ ነበረች» ብሎ አያመልጥም፤ ሲያዩዋት ዝም የሚሉትን ሰዎች ዝምታ ማሰማት አለበት። የተወሳሰበውን ዐረፍተ ነገር አድማጭ መልሶ አያነበውም፤ ካመለጠው አመለጠው። ማንም ያልገባውን ጽፎ ጭብጨባ መቀበልም ሬዲዮ ላይ የለም። ምናልባት የምንፈራው ይህንን ይሆን?

የሚቀጥለው ምሽታችን ሐሙስ ነው። ያቺን እኅታችንን ለምነናታል፤ በስንት ልመና እሺ ብላለች። ከመጋረጃ ጀርባ ሦስት ሆነው ያነቡታል። የአዳራሹን መብራት አጥፍተን በጨለማ እንሰማለን። አንዱ ጓደኛችን ባልዲና ጀሪካን ይዞ የውሃውን ድምፅ እያለማመደ ነው፤ ዶርሙን ስላራሰው ይቅርታ ጠይቋል። ያን ዕለት ከኋላ ወንበር የተናገረውም ወንድማችን ይምጣ፤ አንቀየመውም፣ አብረነው ስቀናልና። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፈው ቀርተዋል። ውሃው ይምጣ አይምጣ እስካሁን አላወቅንም፤ ሳታነብልን ነው ያስወረድናት።